ሊንክ ከማድረግዎ በፊት፦ የኦፕን ሶርስ ፈቃዶችን የማስማማት መመሪያ

በሶፍትዌር ሠሪዎች ዘንድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ አንድ አጭር ደንብ አለ። ላይብረሪውን ስታቲክ አድርገው ከፕሮግራምዎ ጋር አንድ ፋይል ካደረጉት የላይብረሪው ፈቃድ ይይዝዎታል፤ ሼርድ ላይብረሪ ሆኖ ፕሮግራሙ ሲነሳ ብቻ የሚጫን ከሆነ ግን ከግዴታ ነጻ ነዎት ይላል። ደንቡ ለማስታወስ ስለሚቀል ብዙ ሰው ሳይመረምር ይመራበታል። በኤልጂፒኤል ለወጡ ላይብረሪዎች በከፊል እውነትነት አለው። በጂፒኤል ለወጡት ግን ፈቃዱን ያረቀቁት ሰዎች አይቀበሉትም፤ በኤምአይቲና በቢኤስዲ ለወጡት ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። ስለዚህ ፈቃዶች መስማማት አለመስማማታቸውን ከሊንኩ ዓይነት ተነስቶ መፍረድ ነገሩን ከጭራው መያዝ ነው። አስቀድመው ማወቅ ያለብዎ ፕሮግራምዎ የተመሠረተባቸው ላይብረሪዎች እስከ ሥር ድረስ እነማን እንደሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው ፈቃድ በቃሉ ምን እንደሚል፣ እና ለሌላ ሰው በሚያስረክቡት ጥቅል ውስጥ ምን ምን እንደሚገኝ ነው። የሊንኩ ዓይነት ትርጉም የሚኖረው እነዚህ ከታወቁ በኋላ ነው፤ ያም በተወሰኑ ፈቃዶች ላይ ብቻ።

ሥራውን በዝርዝር ይጀምሩ። ዝርዝሩን ከትውስታ ወይም ከፕሮጀክቱ የዲፔንደንሲ ፋይል ብቻ አያውጡ፤ ተገንብቶ ካለቀው ባይነሪ ላይ ያውጡት። ሊኑክስ ላይ ሪድኤልፍ የተባለው መሣሪያ ባይነሪው በቀጥታ የሚጠራቸውን ሼርድ ላይብረሪዎች ስም ያሳይዎታል፤ ኤልዲዲ ደግሞ ከዚያ አልፎ እነዚያ ላይብረሪዎች በተራቸው የሚጠሯቸውን ሁሉ ይዘረዝራል። ኤልዲዲን የማያምኑት ፋይል ላይ አያሂዱት፤ አንዳንድ ጊዜ ፋይሉን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል። ሁለቱም መሣሪያዎች የማያዩት ነገር እንዳለም ይወቁ። ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ በዲኤልኦፕን የሚጫኑ ፕለጊኖች በዝርዝሩ ላይ አይወጡም። በስታቲክ መንገድ ከውስጥ የተዋሃደ ኮድ አይወጣም። ሙሉ ሥራቸው ሄደር ፋይል ላይ የተጻፈ ላይብረሪዎችም ኮምፓይል ሲደረግ ከእርስዎ ኮድ ጋር ስለሚቀላቀሉ ስማቸው አይገኝም። እነዚህን ሦስቱን በእጅ ይፈልጉና በዝርዝሩ ላይ ይጨምሩ። የሚያሳፍሩ ግኝቶች ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚመጡት ከእነዚህ ውስጥ ነው።

እስከ ሥር መውረድ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ አለ። ጂኤምፒ ትልልቅ ቁጥሮችን ለማስላት የሚያገለግል ላይብረሪ ነው፤ ግነቲኤልኤስ ደግሞ የኢንተርኔት ግንኙነትን ለማመስጠር ጂኤምፒን ይጠቀማል። ጂኤምፒ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2007 ወደ ኤልጂፒኤል ስሪት 3 ተሸጋገረ። ኤልጂፒኤል 3 ጂፒኤል 3 ላይ የቆመ ፈቃድ በመሆኑ «ጂፒኤል ስሪት 2 ብቻ» ከሚል ፕሮግራም ጋር አይስማማም። አንድ ጂፒኤል 2 ብቻ የሆነ ፕሮግራም ከጂኤምፒ ጋር ቀጥተኛ ጉዳይ ሳይኖረው፣ ስሙን እንኳ በኮዱ ውስጥ ሳያነሳ፣ ግነቲኤልኤስን በመጥራቱ ብቻ ችግር ውስጥ ገባ። ላይብረሪዎቹ ሁለቱም ነጻ ሶፍትዌር ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም። ችግሩ የተቃለለው ጂኤምፒ በ2014 ስሪት 6 ሲወጣ ተጠቃሚው ኤልጂፒኤል 3ን ወይም ጂፒኤል 2ን እንዲመርጥ በመፍቀዱ ነው። ልብ ይበሉ፦ ይህ ሁሉ የሆነው በሼርድ ላይብረሪ ነው። ስታቲክ አለመሆኑ ማንንም አላዳነም።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ትክክለኛውን ፈቃድ ይጻፉ። «ጂፒኤል» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ጂፒኤል 2 በ1991፣ ጂፒኤል 3 ደግሞ በ2007 የወጡ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ሲሆኑ ሁለቱን በአንድ ፕሮግራም ማዋሃድ የሚቻለው ጂፒኤል 2 የሆነው ኮድ «ወይም ከዚያ በኋላ የሚወጣ ስሪት» የሚል ሐረግ ካለው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ በፕሮጀክቱ ውስጥ የሚቀመጠው የፈቃዱ ሙሉ ጽሑፍ ለሁለቱም ዓይነት አንድ ነውና። ልዩነቱ የሚገኘው በእያንዳንዱ የሶርስ ፋይል አናት ላይ ባለው ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ የፈቃዱን ፋይል አይተው አይመለሱ፤ ጥቂት የሶርስ ፋይሎችን ከፍተው የመጀመሪያዎቹን ሃያ መስመሮች ያንብቡ። ብዙ ፕሮጀክቶች አሁን ኤስፒዲኤክስ የሚባለውን አጭር መለያ ስለሚጠቀሙ «ብቻ» ወይም «ከዚያ በኋላ» የሚለው በአንድ መስመር ተለይቶ ይገኛል። የፓኬጅ ማውጫዎች ላይ የሚታየውን የፈቃድ ስም ግን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማስረጃ አይውሰዱት፤ እዚያ የጻፈው ሰው አንድ ንዑስ ፎልደር በሌላ ፈቃድ መሆኑን ሳያይ አልፎ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ፈቃዶቹን አንድ ላይ ያስተያዩ። እዚህ መያዝ ያለብዎ ሐሳብ ስምምነት አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። ኤምአይቲ የሆነ ላይብረሪ ጂፒኤል በሆነ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ጂፒኤል የሆነ ላይብረሪ ግን ኤምአይቲ በሆነ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ የተዋሃደው ሥራ በጂፒኤል ሁኔታ መከፋፈል አለበት፤ ዝግ በሆነ ፕሮግራም ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጂፒኤል ተቀባዩ ላይ ተጨማሪ ገደብ እንዳይጣል ይከለክላል፤ ስለዚህ ሌላው ፈቃድ ጂፒኤል ውስጥ የሌለ አንዲት ግዴታ እንኳ ከጨመረ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማክበር አይቻልም። የማመስጠሪያ ላይብረሪው የኦፕንኤስኤስኤል ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የቀድሞው ፈቃዱ ላይብረሪውን የሚጠቅስ ማስታወቂያ ሁሉ የሠሪዎቹን ስም እንዲያነሳ ያስገድድ ነበር። ቀላል የምስጋና ጥያቄ ይመስላል፤ ሆኖም ጂፒኤል የማያውቀው ግዴታ ስለሆነ ሁለቱ ለረጅም ዓመታት ሳይስማሙ ቆይተዋል። እንደ ዊጌት ያሉ የጂፒኤል ፕሮግራሞች ከኦፕንኤስኤስኤል ጋር ሊንክ ማድረግን በግልጽ የሚፈቅድ ልዩ አንቀጽ በፈቃዳቸው ላይ መጨመር ነበረባቸው። መስከረም 2021 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የወጣው ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 ወደ አፓቼ 2.0 ሲዞር ከጂፒኤል 3 ጋር ታረቀ፤ ከ«ጂፒኤል 2 ብቻ» ጋር ግን አሁንም አልታረቀም። ጂፒኤልን ባወጣው በፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አቋም፣ አፓቼ 2.0 በፓተንት ጉዳይ ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች ጂፒኤል 2 ውስጥ የሉም።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ እንምጣ። ብዙ ጥሩ ፕሮግራመሮችና አንዳንድ ጠበቆች እንዲህ ይላሉ፦ የእኔ ፕሮግራም የላይብረሪውን ኮድ አልቀዳም፤ የሚጠራውን ተግባር ስም ብቻ ይዟል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በተጠቃሚው ኮምፒውተር ሜሞሪ ውስጥ ነው፤ ታዲያ የእኔ ሥራ እንዴት ከላይብረሪው የተወለደ ሥራ ይባላል? ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። በኦፕን ሶርስ ፈቃዶች ላይ የጻፈው አሜሪካዊው ጠበቃ ሎውረንስ ሮዝን ሊንክ ማድረግ ብቻውን ተወላጅ ሥራ እንደማይፈጥር ተከራክሯል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2012 በሳስ ኢንስቲትዩት ጉዳይ የፕሮግራም ተግባርና የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት እንደማይጠበቁ ወስኗል። በሌላ በኩል ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ስታቲክም ሆነ ዳይናሚክ፣ ከጂፒኤል ላይብረሪ ጋር ሊንክ የተደረገ ፕሮግራም አንድ የተዋሃደ ሥራ ነው ይላል።

ፋውንዴሽኑ ይህን አቋሙን በተግባር ያሳየው ገና በ1992 ነው። ብሩኖ ሃይብል ከባልደረባው ጋር ሲሊስፕ የተባለ የሊስፕ ቋንቋ ማስፈጸሚያ ሠርቶ ያከፋፍል ነበር። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው ትእዛዝ ሲጽፍ መስመሩን እንዲያርም የሚረዳውን ሪድላይንን ይጠቀማል፤ ሪድላይን ጂፒኤል ነው። የፋውንዴሽኑ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ሪድላይን ያለበት ሲሊስፕ በጂፒኤል መውጣት አለበት ብሎ ጻፈለት። ሃይብል መጀመሪያ አልተቀበለም፤ ሲሊስፕን ለብቻ ሪድላይንን ለብቻ ሰጥቶ ተጠቃሚው ራሱ እንዲያገናኛቸው ማድረግን፣ እንዲያውም ሪድላይንን የሚተካ ባዶ ላይብረሪ ማቅረብን አነሳ። ከደብዳቤ ልውውጥ በኋላ ሲሊስፕ ወደ ጂፒኤል ዞረ፤ በሲሊስፕ የሚጻፉ ፕሮግራሞች የሲሊስፕን ይፋ መገናኛ ብቻ እስከተጠቀሙ ድረስ በፈለጉት ፈቃድ ሊወጡ እንደሚችሉም ተጨማሪ መግለጫ ተካተተ። ደብዳቤዎቹ እስከ ዛሬ ከሲሊስፕ ሶርስ ኮድ ጋር አብረው ይገኛሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ስላለቀ ሕጉን አልወሰነም። ነገር ግን የጂፒኤል ላይብረሪ ባለቤት «ለየብቻ ነው ያከፋፈልኩት» የሚለውን መልስ እንዴት እንደሚያየው ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም።

ፍርድ ቤቶችስ? ጥያቄውን በቀጥታ የመለሰ የመጨረሻ ፍርድ የለም። የሊኑክስ ከርነል ፕሮግራመሩ ክሪስቶፍ ሄልቪግ በሶፍትዌር ኩባንያው በቪኤምዌር ላይ ሀምቡርግ ያቀረበው ክስ መልሱን ይሰጣል ተብሎ ሲጠበቅ ነበር፤ በ2016ም በይግባኝ በ2019ም የተዘጋው ግን ከሳሹ የራሱ ኮድ የትኛው እንደሆነ በበቂ አላስረዳም በሚል ነው። ስለዚህ ሮዝን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስቶልማንም ትክክል ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ የሚበጀው ማን እንደሚረታ መገመት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙን ሲያስረክቡ ላይብረሪውንም በዚያው ጫኚ ፋይል ውስጥ አብረው ይሰጣሉ። ያን ጊዜ «ምንም አልቀዳሁም» የሚለው ክርክር ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፤ ጂፒኤል ላይብረሪውን ቀድተው እያከፋፈሉ ነውና፤ ጂፒኤል 2 ደግሞ የራሱን ኮድ የአንድ ሙሉ ሥራ አካል አድርገው ሲያከፋፍሉት ሙሉው ሥራ በእሱ ሁኔታ እንዲሆን ይጠይቃል። ዝግ ለሚሆን ፕሮግራም የምመክረው አንድ ነው፤ የጂፒኤል ላይብረሪን በየትኛውም ዓይነት ሊንክ አያስገቡ። ለሪድላይን ምትክ የሚሆን በቢኤስዲ ፈቃድ የወጣ ሊብኤዲት አለ፤ ያልተፈታ የሕግ ጥያቄ ላይ ንግድን ከመመሥረት እሱን መጠቀም እጅግ ይረክሳል።

የሊንኩ ዓይነት በእውነት የሚቆጠረው ኤልጂፒኤል ላይ ነው፤ እዚህ ጋ ጊዜ ወስደው ይሥሩ። የኤልጂፒኤል 2.1 ስድስተኛ አንቀጽ ዝግ ፕሮግራም ላይብረሪውን እንዲጠቀም ይፈቅዳል፤ በምላሹ ተጠቃሚው ላይብረሪውን አሻሽሎ በቀድሞው ቦታ ሊተካው መቻል አለበት። ይህን ለማሟላት ቀላሉ መንገድ ሼርድ ላይብረሪ ነው፤ ስታቲክ ካደረጉ ደግሞ ተጠቃሚው እንደገና ሊያገናኘው እንዲችል የራስዎን ኦብጀክት ፋይሎች መስጠት ይኖርብዎታል። ብዙዎች «ሼርድ ነው፣ አለቀ» ብለው ያቆማሉ፤ አላለቀም። ላይብረሪውን አብረው ከሰጡ የላይብረሪውን ሶርስ ኮድም ማቅረብ አለብዎት፤ የፈቃዱን ቅጂ ማካተትና ላይብረሪውን መጠቀምዎን በግልጽ ማስታወቅም ግዴታ ነው። ከሁሉም በላይ የሚረሳው ግን የራስዎ የደንበኛ ውል ነው። ፈቃዱ ደንበኛው ለራሱ አገልግሎት እንዲያሻሽልና ማሻሻያውን ለማረም ሲል ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ እንዲያደርግ እንዲፈቅዱለት ይጠይቃል። ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የተለጠፈ ውል ውስጥ «ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚል መስመር ካለ፣ ኮድዎ ንጹህ ሆኖ ሳለ ፈቃዱን የጣሰው ውልዎ ነው። ያንን መስመር ዛሬውኑ ያስተካክሉት።

ማሟላትዎን የሚያረጋግጡበት ፈተና በጣም ቀላል ነው። የላይብረሪውን ሶርስ ያውርዱ፣ አንድ የማይጎዳ ለውጥ ያድርጉበት፣ ለምሳሌ የስሪት መግለጫውን ጽሑፍ ይቀይሩ፤ ኮምፓይል አድርገው በጥቅልዎ ውስጥ ያለውን ኤስኦ ፋይል በአዲሱ ይተኩና ፕሮግራሙን ያስነሱ። ከተነሳ ጥሩ ነው። የፊርማ ማረጋገጫ ወይም የተቆለፈ መሣሪያ ከከለከለው ግን ሼርድ መሆኑ ስም ብቻ ሆኗል። ኪውት የተባለውን የገጽታ መሥሪያ ላይብረሪ ከፓይተን ጋር የሚጠቀሙ ሰዎች ይህ በቀጥታ ይነካቸዋል። ኪውትን ከፓይተን የሚያገናኙ ሁለት ተወዳዳሪ ፓኬጆች አሉ፤ ፓይኪውት በጂፒኤል ወይም በሚገዛ የንግድ ፈቃድ ይገኛል፤ ፓይሳይድ ግን በኤልጂፒኤል ይገኛል። ኮዱ በሁለቱም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ሰው የትኛውን እንደጫነ እንኳ ልብ አይለውም፤ ለዝግ ፕሮግራም ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ፓይሳይድን መርጠውም ከኪውት ሞጁሎች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ኪውት ቻርትስ፣ በነጻው በኩል የሚገኙት በጂፒኤል ብቻ መሆኑን ይመልከቱ። ፕሮግራሙን በፓይኢንስቶለር ሲያሽጉ ደግሞ ሁሉን በአንድ ፋይል የሚጨምረውን አሠራር ትተው በፎልደር የሚያወጣውን ይምረጡ፤ የኪውት ፋይሎች በግልጽ ስለሚቀመጡ ተጠቃሚው መተካት ይችላል።

የላይብረሪ ፈቃድ እንደ አገነባቡ ሊለወጥ እንደሚችልም ኤፍኤፍኤምፔግ ያስተምራል። ቪዲዮ የሚነካ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠቀምበታል። ያለ ተጨማሪ አማራጭ ሲገነባ ኤልጂፒኤል 2.1 ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ኤክስ264 የተባለውን የቪዲዮ መጭመቂያ ለመጨመር የጂፒኤል አማራጩን ሲያበሩ ግን ሙሉው ላይብረሪ ጂፒኤል ይሆናል፤ ፋይሉ ያው ስም ይዞ፣ ያው ተግባር እየጠራ። አንዳንድ ኮዴኮች ደግሞ ነጻ ያልሆነውን አማራጭ ይጠይቃሉ፤ በዚያ የተገነባውን ኤፍኤፍኤምፔግ ለማንም ማከፋፈል አይቻልም። የግንባታ ስክሪፕቱ ራሱ የፈቃድ ሒሳብ ይሠራል፦ ጂፒኤልን አብርተው ኦፕንኤስኤስኤል 3ን ሲጨምሩ ስሪት 3ን እንዲመርጡ ያስገድድዎታል፤ ቀደም ሲል ያየነው የአፓቼና የጂፒኤል 2 አለመስማማት በተግባር ይህ ነው። ከኢንተርኔት ያወረዱት ዝግጁ ግንባታ ከሆነ በትልቁ ኤል አማራጭ ያስነሱት፤ የወጣበትን ፈቃድ ይነግርዎታል። በዝርዝርዎ ላይ ይህን የተገነባውን ቅጂ ፈቃድ ይጻፉ እንጂ የፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ ያለውን አጠቃላይ መግለጫ አይጻፉ።

ከዚህ በኋላ የሚመለከቱት ማን ምን እንደሚቀበል ነው። በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ብቻ የሚሠራ፣ ከግቢ የማይወጣ ፕሮግራም የጂፒኤል የማከፋፈል ግዴታ አይነካውም። በሰርቨር ላይ አስቀምጠው ሰዎች በድረ ገጽ የሚጠቀሙበትም እንዲሁ፤ ላይብረሪው ኤጂፒኤል ካልሆነ በስተቀር። ኤጂፒኤል የሆነ ላይብረሪ አሻሽለው ካስገቡ በኔትወርክ ለሚጠቀም ሰው ሶርሱን እንዲያቀርቡ ያዛል። ኮንቴይነር ለደንበኛ ሲልኩ ግን ማከፋፈል ነው፤ በውስጡ ያሉት መቶ ላይብረሪዎች ሁሉ ከእጅዎ ወጥተዋል። ጂፒኤል 2 ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚመጡ ላይብረሪዎችን ሶርስ እንዲሰጡ አያስገድድም፤ ይህ ልዩ ፈቃድ ግን ላይብረሪው ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ሲሰጥ ይቀራል፤ ኮንቴይነር ደግሞ ሥራው አብሮ መስጠት ነው። የመተግበሪያ መደብሮችንም አይርሱ። ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ጥር 2011 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከአፕል መደብር የወረደው የመደብሩ የአጠቃቀም ገደቦች ከጂፒኤል ጋር ስለማይሄዱ ከአዘጋጆቹ አንዱ ተቃውሞ ስላቀረበ ነው። ሠሪዎቹ ከብዙ አስተዋጽኦ አድራጊዎች ፈቃድ አሰባስበው ዋናውን ሞተር ወደ ኤልጂፒኤል ካዞሩ በኋላ፣ የአይፎኑ መተግበሪያ በ2013 ተመለሰ።

«እኛን ማን ይከሰናል?» የሚል ሁለተኛ ተቃውሞ ይሰማል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ አነስተኛ ቡድን ደግሞ የሚያሳምን ይመስላል። በመጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጻሕፍት ሁሉ ጥበቃ ያለው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ፈቃድ የሌለው ቅጂ እዚህም ፈቃድ የሌለው ቅጂ ነው። ሁለተኛ፣ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ሰው ሥራው የሚከፋፈለው በደንበኛው አገር ሕግ ሥር ነው፤ ደንበኛውም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የላይብረሪዎችን ዝርዝር ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ለትልልቆቹም ከባድ ዋጋ እንዳለው የፈረንሳዩ የቴሌኮም ኩባንያ የኦሬንጅ ጉዳይ ያሳያል። ኦሬንጅ ለፈረንሳይ መንግሥት የአገልግሎት ፖርታል የማንነት አስተዳደር ሥርዓት ሲሠራ አንትሩቨር የተባለው ድርጅት የሠራውን ላሶ የተሰኘ የጂፒኤል ላይብረሪ ተጠቅሟል። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ከዘለቀ በኋላ የፓሪስ ይግባኝ ፍርድ ቤት የካቲት 2024 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጂፒኤል መጣሱን ወስኖ ከግማሽ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ካሳ አስከፍሏል። እዚህ ላይ አንድ የተዛባ ፍርሃት ላርም፦ ጂፒኤል የእርስዎን ኮድ በራሱ ጊዜ አይከፍተውም። ከጣሱት የማከፋፈል መብትዎ ይቋረጣል፤ ማቆም፣ ማሟላት ወይም ካሳ መክፈል ይመጣል። ኮድዎን መክፈት እርስዎ ሊመርጡት የሚችሉት አንዱ መውጫ ነው።

ግጭት ሲያገኙ መውጫዎቹን በዋጋቸው ቅደም ተከተል ይሞክሩ። ከሁሉ የሚረክሰው ላይብረሪውን በሌላ መተካት ወይም አማራጩን አጥፍቶ እንደገና መገንባት ነው። ቀጥሎ የራስዎ ፕሮግራም ጂፒኤል ከሆነና የቅጂ መብቱ በሙሉ የእርስዎ ከሆነ፣ ከዚያ ላይብረሪ ጋር ሊንክ ማድረግን የሚፈቅድ ልዩ አንቀጽ መጨመር ይችላሉ፤ ሌሎች ኮድ አዋጥተው ከሆነ ግን የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል። ላይብረሪው የአንድ ድርጅት ከሆነ የንግድ ፈቃድ ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ። ሌላው መንገድ ላይብረሪውን በተለየ ፕሮሰስ ማስኬድ ነው፤ ለምሳሌ የኤፍኤፍኤምፔግን ተግባራት በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራሙን አስነስቶ ውጤቱን መቀበል። ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንም በፓይፕና በትእዛዝ መስመር የሚነጋገሩ ፕሮግራሞችን እንደተለያዩ ይቆጥራል፤ ይሁንና ሁለቱ ውስብስብ የውስጥ ዳታ የሚለዋወጡ ከሆነ ይህ አቋም ሊለወጥ ይችላል ይላል። ስለዚህ ላይብረሪውን በስስ ቅርፊት ጠቅልለው እያንዳንዱን ተግባር በሶኬት ማሳለፍ ያንኑ ሊንክ በሌላ ልብስ ማቅረብ ነው፤ አይመኑበት። ለየብቻ ቢሠሩም የጂፒኤሉን ፕሮግራም ካከፋፈሉ የእሱ ሶርስ አብሮ መቅረብ አለበት። ጥሰቱ ቀድሞ ተፈጽሞ ካገኙት ማከፋፈሉን ወዲያው ያቁሙ። ጂፒኤል 3 ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ደርሶት በ30 ቀን ውስጥ ላስተካከለ ሰው መብቱን ይመልስለታል፤ ጂፒኤል 2 ውስጥ እንዲህ ያለ የእፎይታ ጊዜ አልተጻፈም።

ሁሉም ሲስማማ ጥቅሉን ያዘጋጁ። የእያንዳንዱን ፈቃድ ሙሉ ጽሑፍ በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ፤ ኤምአይቲና ቢኤስዲም ቢሆኑ የቅጂ መብት ማስታወቂያቸው ከቅጂው ጋር እንዲሄድ ይጠይቃሉ። የአፓቼ ላይብረሪ የማስታወቂያ ፋይል ካለው ያንንም ይጨምሩ። ለጂፒኤልና ለኤልጂፒኤል ላይብረሪዎች የተጠቀሙበትን ትክክለኛ ስሪት ሶርስ፣ ያደረጉትን ለውጥና የገነቡበትን ስክሪፕት በራስዎ ሰርቨር ላይ ያኑሩ፤ የፕሮጀክቱን ድረ ገጽ በመጠቆም ብቻ አይተማመኑ፤ የቆየ ስሪት ከዚያ ሲጠፋ ግዴታው በእርስዎ ላይ ይቀራልና። ሶርሱን አብረው ካልሰጡ ጂፒኤል 2 ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉን የሚፈጽመውን ሰው ስም በቡድንዎ ውስጥ ይወስኑ። ከዚያ የላይብረሪ ዝርዝር የሚያወጣውን ትእዛዝ በግንባታ ስክሪፕትዎ ውስጥ ያስገቡት። ከባለፈው ዝርዝር ጋር አነጻጽሮ አዲስ ስም ወይም የተለወጠ ፈቃድ ሲያገኝ ግንባታውን እንዲያቆም ያድርጉ፤ ጂኤምፒ ፈቃዱን በ2007 እንደለወጠው ሁሉ፣ ነገ በአንድ ተራ ማሻሻያ ውስጥ ሌላ ላይብረሪ ሊለውጥ ይችላል።